በማን ወጣች?

የእትዬ ዘሃራ ልጅ ራቢያ ስትደውል ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ነው፤ ያን ሰዓት ለአንዲት አሮጊት ሹራብ እያለበስኩ ስለነበር ስልኬን አላነሳሁም። ደግማ ደወለች። ራቢያ ቴክስት እንጂ ስልክ አትወድም፤ ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ልቤ ቀድሞ አወቀ።

«ምስሬ፣ እማዬ ሄደች» አለችኝ።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለው ነበር። ቁርስ ደርሶ ልትቀሰቅሳቸው ስትገባ እንደተኙ አልፈዋል። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። አሮጊቷ ግን አንድ እጇ ሹራቡ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውጪ እንደቀረ ፊቴን ታይ ነበር።

እትዬ ዘሃራ በካናዳዋ ካልጋሪ ሐበሻ መሐል ስማቸው የሚጠራ ሰው አልነበሩም። ማኅበር አልመሩም፤ መድረክ ላይ አልወጡም። ከኮምቦልቻ የመጡ፣ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ ብዙ ዓመት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሠርተው ጉልበታቸው ሲደክም ፋልከንሪጅ ሰፈር በሚገኘው ታውንሃውሳቸው ዴይሆም፣ ማለትም የሕፃናት ማዋያ፣ የከፈቱ ሴት ነበሩ። እኛ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበርን። ግድግዳው ስስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አያውቁም። ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ያለ ስልክም የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

ከሕፃናት ጋር የሚያወሩበት መንገድ ግን ለብቻው ነበር። አብዛኞቻችን ሕፃን እናባብላለን፣ እንስማለን፣ እንወዘውዛለን። እሳቸው ያወሩ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው።

«አሁን ካልሲህን ላጠልቅልህ ነው። አንዱን አገኘሁት፤ ጓደኛው ወዴት ሄደ? አንተ ነህ የበላኸው?»

ከዚያ ዝም ይላሉ። ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ወደ ኋላ ገፋ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። ሕፃኑ «እእ» ሲል፣ «አሃ! እንደሱ ነው?» ብለው ይቀጥላሉ። ምንም ባይልም ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሳይ ብቸኝነት ያመጣባቸው ነገር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ማንን እንደሚያዳምጡ ስጠይቃቸው፣

«ተራውን እየሰጠሁት ነዋ» አሉኝ። «እኛ ብቻ ካወራንማ ስብከት ሆነ።»

ልጄ ሶልያና ስትወለድ ቤታችን በጠያቂ ሞላ። ሕፃን ያየ ሐበሻ የመጀመሪያ ጥያቄው የታወቀ ነው፤ በማን ወጣች? አንዱ ግንባሯን ለአባቷ ሰጠ፣ ሌላዋ አፍንጫዋን ለእናቴ። ጣቶቿ ላይ ክርክር ተነሳ። እትዬ ዘሃራ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ፣ «እናንተ ደግሞ! ገና መች ወጥታ አለቀች? እየወጣች ነው እኮ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሶሊ ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ሄደች። ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድም ቃል አልነበራትም። ሳቋ ግን ቤት ይሞላል፤ ውኃ ካየች ደግሞ በደስታ ትንቀጠቀጣለች። ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት አመጣልን። ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቷት ነው፤ አማርኛውን ተዉባት። ታብሌት ነው። ትንሽ ጠብቁ፣ የእኔም ልጅ እንደዚሁ ነበር። የባለቤቴ የደረጀ እናት ከአዲስ አበባ ደውለው ነገሩን አሳጠሩት፤ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።» ስፒከር ላይ ነበሩ። ለማን እንደተባለ ገብቶኛል።

እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ የራሳቸውን ሞከሩ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት አሞቁ፤ ሲያሿት ሶሊ ትስቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ለውጥ አልመጣም። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠርሙሱን ከድነው፣ «በቃ፣ አሁን ሐኪም» አሉኝ።

«ይቆይ ብለውናል እኮ እትዬ።»

«ልጄ፣ እኔ እወዳታለሁ። መውደድ ግን ምርመራ አይደለም።»

ወረፋው ረጅም ነበር። በመጨረሻ ንግግር የምታስተምር ስፒች ቴራፒስት ስናገኝ ደረጀ ሺፍት ላይ ስለነበር አብረውኝ የገቡት እሳቸው ናቸው። ቴራፒስቷ ወጣት ነበረች። ቤት ውስጥ አማርኛችሁን አትተዉ አለችን፤ ግራ የሚያጋባት ቋንቋ መብዛቱ አይደለም። ልጅ ድምፅ ሲያወጣ ትልቅ ሰው ከመለሰለት፣ ያንን መመላለስ ደጋግሞ ካገኘ፣ አንጎሉ ውስጥ ያሉት መስመሮች እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ አንጎል የሚገነባው በሩጫ ነው አለች። እኔ እየተረጎምኩ እትዬ ዘሃራን ሳይ፣ «አላልኳችሁም?» የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በጭንቀት ወደ ቴራፒስቷ ጠጋ ብለው፣

«ጠይቂልኝ እስቲ። እኔ ብዙ ነው የማወራው። ይበዛባት ይሆን?» አሉኝ።

ቴራፒስቷ ፈገግ ብላ፣ አዎ፣ ለሶሊ አጠር ቢያደርጉላት ይሻላል አለቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩ የኖሩ ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭር ንግግር መለማመድ ያዙ። በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። «ካልሲ።» ዝም። «ቀይ ካልሲ።» ዝም። ቀጥሎ ደግሞ ያልቻሉት ነገር ያመልጣቸዋል፤ «ቀይ ካልሲ፣ ያውም ራቢያ ከሱቅ ያመጣችው፣ ጥራት የሌለው… ኧረ በዛ! ካልሲ።»

ከዚያ የደም ምርመራ ታዘዘ። የዘር ውርስ በሚመረመርበት ጄኔቲክስ ክሊኒክ ያነጋገረችን ባለሙያ ክሮሞዞም የሚባሉትን ለማሳየት ወረቀት ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች ሣለችልንና አንዱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካች። ከዚህ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሏል አለች፤ ትንሽ ብትሆንም አንጎል ሲሠራ የሚያስፈልጉ ጂኖች ያሉባት ቦታ ናት። ንግግሯ የዘገየው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ እኔና ደረጀ ደም ሰጠን። ውጤቱን ለመስማት ስንቀመጥ ሴትየዋ ወደ ደረጀ ዞራ ነው የጀመረችው። ያው ጉድለት እሱም ላይ ነበረ።

«አንዱ ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ሌላው ላይ እምብዛም አይታይም» አለች። «ለምን እንደሆነ ሁሉን አናውቅም። ማንም አላጠፋም። ልጃችሁ የት እንደምትደርስም ይህ ምርመራ ሊነግረን አይችልም።»

ደረጀ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «እኔ ላይ ነው?»

ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚነዳው። ይህን ከተማ ያለ ጂፒኤስ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪ አስቆ ነው የሚያወርደው። ወረቀት ሲመጣ ግን ለእኔ ነው የሚያቀብለኝ። ፊደል የለየው በብዙ መከራ ነበር። አስተማሪው ክፍሉ ፊት አቁሞ ያስነብበው፣ ቃሉ ሲጠፋው መዳፉን በማስመሪያ ይመታው፣ ልጆቹም ይስቁበት እንደነበር ከተጋባን በኋላ አንዴ ብቻ ነግሮኛል። ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት አይናገርም።

ከክሊኒኩ ከተመለስን ጀምሮ ቤት ደርሶ መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፤ ግን አይወርድም። ሶሊ በመስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች፤ እሱ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። «ሁለተኛ ልጅ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። አንዴ አስተላልፌያለሁ፤ ይበቃኛል።»

እትዬ ዘሃራ ከመስኮታቸው ያዩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩተው፣ «ምን ሆነ ይሄ ልጅ? መኪናው ውስጥ ሊፈለፈል ነው እንዴ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ በቤት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ፤ የታክሲውን የኋላ በር ከፍተው እንደ ተሳፋሪ ተቀመጡ፤ ቀበቷቸውንም አሰሩ።

«ንዳ» አሉት።

«ወዴት እትዬ?»

«ኮክረን። ልጄ ጋ። ሜትሩን ግን እንዳታበራብኝ።»

ከእሳቸው ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ስለሚያውቅ ነዳ። መንገድ ላይ የተባባሉትን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ ከደረጀ በቁርጥራጭ፣ ከእሳቸው በሙሉ ድምፅ።

«ልጄን ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አላቸው፣ ከተማውን ከወጡ በኋላ።

እትዬ ዘሃራ ለዚያ አልመለሱለትም። ስለ አንዋር ጀመሩ። አንዋር የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፤ ከእህቱ ከራቢያ ጋር ኮክረን ይኖራል። የአባቱ ወንድም ዲዳ ነበሩ። አንዋር ሳይናገር ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰፈሩ ሁሉ አንድ ነገር አለ፤ በአጎቱ ወጣ።

«እኔም አልኩ» አሉት። «በአጎቱ ወጣ አልኩና አረፍኩ። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ጠፋ። ማን ዲዳ ያወራል? ምግብ እሰጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ እስመዋለሁ። ቃል ግን አላወጣለትም። ሲያየኝ ዝም። ሳየው ዝም። እዚህ አገር ስንመጣ ትልቅ ልጅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ጆሮውን መረመሩት። ትንሽ ትንሽ ይሰማል አሉኝ። ከመጀመሪያውም ይሰማ ነበር። ጮክ ብዬ ጠጋ ብዬ ባወራው ኖሮ ይሰማኝ ነበር።»

ደረጀ በመስታወቱ አያቸው። ወደ ተራሮቹ ነበር የሚያዩት።

«የጆሮው ነገር ከዘር ነው ብለውኛል፤ ሐኪሞቹ አልዋሹም። ዘር የሰጠውን ሰጠው። ዝምታውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩበት። አሁን ስማኝ አንተ ልጅ። አንተም የሰጠሃትን ሰጥተሃታል፤ አልጠየቁህም፣ አልመረጥክም። ለአንተም የሰጠህ ሰው አልመረጠም። መኪና ውስጥ ተቀምጠህ የምታደርገው ግን ምርጫህ ነው። ልጅቷ በመስኮት እጇን ታወዛውዝልሃለች፤ ተራህ ነበር። ዝም አልካት።»

ደረጀ መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆም ግድ ሆነበት። ምን እንዳደረገ አልነገረኝም፤ እሳቸውም ያንን ክፍል ዘለውታል። «ትንሽ ቆመን ተራራ አየን» ብቻ ነው ያሉኝ።

አንዋር ዕፅዋት የሚሸጥበት ግሪንሃውስ ውስጥ ይሠራል፤ በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ አለው። ሲናገር ቃሉን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው ነው። ደረጀን ጨብጦ አንድ ነገር ለማለት ጀመረና ቆመ። እትዬ ዘሃራ አላገዙትም። ያ ሁሉ ወሬ የነበራቸው ሴት ሻሻቸውን ገፋ አድርገው ጠበቁ። «የ… ልጅ… አባት?» አለ አንዋር በመጨረሻ፤ የሶሊን ነገር ከእናቱ ሰምቷል። እትዬ ዘሃራ ሲመልሱለት መስታወቱ የሚሰነጠቅ እስኪመስል ጮኹ። አንዋር እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «እማዬ፣ አትጩሂ። መሣሪያው በርቷል» አላቸው። ደረጀ ሳቀ። ከክሊኒኩ ወዲህ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። ለምን በዚያ ድምፅ እንደሚያወሩ የገባውም ያኔ ነው።

የዚያን ቀን ቤት ሲመለስ መኪናው ውስጥ አልቆየም። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ከሶሊ ፊት ተቀመጠ። «ታክሲ» አላት። ጠበቀ። ሶሊ አፉን አየች፤ አገጩን ያዘችው። ቃል አልወጣትም። እሱም አልተነሳም።

በማግስቱ እናቱ ጋ ደውሎ፣ የሶሊ ነገር ከእሱ ወገን እንደሆነ ነገራቸው። መጮህ ሲጀምሩ አላቋረጣቸውም። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «አባትህም እኮ ደብዳቤ ሲመጣለት መነጽሬ ጠፋብኝ ይል ነበር» አሉ። ደረጀ ግራ ገባው። «አባዬ መነጽር ነበረው እንዴ?»

«አልነበረውም» አሉ እናቱ።

ከዚህ በኋላ ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሽም። ሶሊ የመጀመሪያ ቃሏን ስትናገር አራት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ቃሉም እማማ ወይም አባባ አልነበረም። እትዬ ዘሃራ ማንኪያውን ቶሎ ቶሎ ሲያቀርቡላት እጃቸውን ይዛ «ቆይ» አለቻቸው። እንደ እኩያዋ! እትዬ ዘሃራ ማንኪያውን ይዘው በግድግዳው በኩል «ምስሬ! ሰደበችኝ! አልሐምዱሊላህ፣ ሰደበችኝ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማኋቸው።

ዛሬ ሶሊ አሥር ዓመቷ ነው። ዝግ ብላ ነው የምትናገረው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች። ሒሳብ ይከብዳታል፤ ክፍል ውስጥ የሚረዳት ሰው አለ። ስትዋኝ ግን ማንም አይደርስባትም። ከአባቷ ጋር ማታ ማታ አንድ መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም በጣታቸው እየተከተሉ፣ ማን ማንን እንደሚያስነብብ ለይቼ አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ ፍጹም ሰው አልነበሩም። ነገር ውስጥ ይገባሉ፤ የቤቴን መጋረጃ ሳይጠይቁኝ ቀይረውብኛል። ቂማቸውም ረጅም ነው። አንድ ሠርግ ላይ የማናውቃት ሴት ሶሊን አይታ «ውይ፣ ታሳዝናለች» ስትል፣ እትዬ ዘሃራ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ምኗ ነው የሚያሳዝነው? እኔን ያሳዘነኝስ የአንቺ እግር ነው፤ ምን አድርጎሽ ነው እዚያ ጫማ ውስጥ ያስገባሽው?» አሏት። አዳራሹ ሰማ። ሴትየዋን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰላም አላሏትም።

እኛ ወደ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ስንዛወር፣ እሳቸው ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ብሏቸው ዴይሆሙን ዘግተው ልጆቻቸው ጋ ኮክረን ገቡ። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እንሄድ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ስናያቸው ለሶሊ ፀጉር እየሠሩ ስለ አንድ ጉንዳን ያወሯት ነበር። ስንወጣ፣ «ሂዱ በሉ፣ በረዶ ሳይጥል» አሉን። እንደ ወትሮው ነበር፤ እኔም እንደ ወትሮው ቶሎ ቶሎ ሳምኳቸው።

ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጸመ። ለቅሶ በተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር፤ በእሳቸው ቤት ያደጉ፣ አሁን ፂም ያበቀሉ ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ዱዓው ካበቃ በኋላ ሼኹ መናገር የሚፈልግ ካለ ብለው ጠየቁ። ጥቂት ሰዎች ደግነታቸውን ተናገሩ። ከዚያ ከወንዶቹ መሐል ደረጀ ሲነሳ አየሁ። ሶሊ እጄን ያዘችኝ። እኔ እንደሚናገር አላውቅም ነበር።

«እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» አለና ቆመ። ብዙ ቆመ። አንድ ሁለት ሰዎች ማንሾካሾክ ሲጀምሩ ፊት የተቀመጠው አንዋር ዞር ብሎ አያቸው፤ ዝም አሉ። «ልጄ… ልጄ ቶሎ ያልተናገረችው እኔ ላይ ባለ ነገር ነው። ከእኔ ነው የወረሰችው። እኔም ልጅ ሆኜ ማንበብ አቅቶኝ ተመትቻለሁ። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ባለቤቴን አስምዬያት ነበር። እትዬ ዘሃራ ናቸው ከመኪና ያወጡኝ። ሌላ… ሌላ የምለው የለኝም።» ተቀመጠ። ከጎኑ የነበሩት ሽማግሌ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አኖሩ።

ስንወጣ ብርዱ ፊት ይቆርጣል። መኪናው ጋ ልንደርስ ስንል አንድ ወጣት ከኋላችን እየሮጠ መጣ። ካፖርቱን እንኳ አልቆለፈም።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለው ለደረጀ። «ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። አይናገርም። ባለቤቴ ከአንተ ወገን ነው ትለኛለች፤ እኔ ከአንቺ ነው እላታለሁ። ዛሬም በዚሁ ተጣልተን ነው የወጣሁት።» ትንፋሹ በብርዱ ይጨሳል። «የት ነው የወሰዳችኋት? ማን ጋ ነው መጀመሪያ የሚኬደው?»

ደረጀ የፊት በሩን ከፈተለት። «ግባ፣ ትቀዘቅዛለህ» አለው። እኔና ሶሊ ከኋላ ገባን። ሞተሩ ተነሳ፤ ሙቀቱ ግን ገና አልመጣም ነበር። ወጣቱ እጆቹን እያፋተገ ስለ ምርመራ፣ ስለ ወረፋ፣ የማን ዘመድ ምን እንደነበረ ያከታትላል። ሶሊ ከኋላ ስታየው ቆየችና ትከሻውን በአንድ ጣቷ ነካችው። ዞረ።

«ስሙ… ማነው?» አለችው።

ወጣቱ እጆቹን ማፋተጉን ተወ። ያን ሁሉ ሲነግረን የልጁን ስም አላነሳም ነበር።

«ኢልያስ» አላት። «ኢልያስ ነው ስሙ።»